መርከባችን ኮለምበስ የቆመች ዕለት

ከቫኑ አጠገብ የነበርነው እነዚህ ነን። አስጎብኚያችን ጋሼ ከፊተኛው በር ቆመው አንድ እጃቸውን የጎን መስታወቱ ላይ አሳርፈዋል። አስተባባሪዋ ስማችን የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ ከኋለኛው በር ቆማለች። ሐጂ ከሰልፉ ፊት ናቸው፤ ግን "እናንተ ቅደሙ" እያሉ ሰልፉን አላስኬድ ብለዋል። ከእሳቸው ኋላ ባልና ሚስቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል፤ ዝናብ የለም። ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዛፉ ሥር ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሻንጣ ይዘው የመጡት እትዬ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ነፋስ ከማይደርስበት ከግድግዳው ጥግ ነበርኩ። አማርኛ የማያውቀው አሜሪካዊ ሹፌር መሪውን ይዞ ማስቲካ ያኝካል።

የሻንጣው ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። ሞርስ ሮድ አካባቢ ያለው የአዛውንቶች መዋያችን ያንን ሳምንት "የክሩዝ ሳምንት"፣ የመርከብ ሽርሽር ሳምንት ማለት ነው፣ ብሎት ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኖ ባሕር ሆነ። የተጠራ ቁጥር ካርድ ላይ እያጠፋን ቢንጎ የምንጫወትበት ጠረጴዛ "የላይኛው ደርብ" ተባለ። ምሳ አቅራቢዎቹ የመርከበኛ ቆብ አደረጉ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ መርከባችን ወደብ ላይ ቆማ ተሳፋሪዎች የሁለት ሰዓት የከተማ ጉብኝት እንዲያደርጉ ተወሰነ። ወደቡ ኮለምበስ ነው። ሁላችንም የምንኖረው ኮለምበስ ነው። ባሕር ለማየት ከዚህ በመኪና ቀኑን ሙሉ መንዳት ያስፈልጋል።

አስተባባሪዋ ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ደጋግማ ነግራናለች። እኛ ግን ጉዞ በተባለ ቁጥር ሰነድ ማዘጋጀት የለመድን ሰዎች ነን። ሐጂ ፓስፖርታቸውን ይዘው መጡ። ዳይሬክተሩ የዜግነት ወረቀታቸውን ኮፒ በፕላስቲክ አድርገው አመጡ። ባለሻንጣዋ እትዬ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የሳምንት መድኃኒትና ቆሎ ይዘዋል። ከባልና ሚስቱ መካከል ሚስትየዋ ባሕር እንዳያቅለሸልሻቸው እንክብል ውጠው ስለመጡ ገና ሳንነሳ ዓይናቸው ይከደን ጀመር። እኔ ምንም አልያዝኩም። መታወቂያዬና የክትባት ካርዴ ብቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

አስጎብኚው ጋሼ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ታክሲ ነድተዋል። ባለፈው ዊንተር መንዳት አቆሙ። ለሁሉም ሰው "እኔው ነኝ የተውኩት፣ በቃኝ" ይሉ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ግን ቢንጎ ስንጫወት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እትዬ፣ እርስዎ ወሬ አያውቁም።"

"አላውቅም።"

"ዓይኔ ሄዷል። ሰው ከዛፍ እለያለሁ። ሰው ከሰው ግን አልለይም።"

የሚቀጥለው ቁጥር ተጠራ።

"ይህ ከታወቀ ያለ አጃቢ ከግቢ አያስወጡኝም። ልጄ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ የቀን ፈረቃ ነው፤ ማን ያጅበኛል? የነገው ጉብኝት ካማረ ግን በየወሩ እርስዎ ይመራሉ ተብያለሁ። አለዚያ ዕድሜዬን እዚህ ቢንጎ ላይ ልጨርስ ነው።"

ይህን ሲሉ የያዙት የእኔን የቢንጎ ካርድ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ዕቅዳቸው ቀላል ነው። መንገዱን በልባቸው ያውቁታል። መኪናው የት እንደሚታጠፍ ስለሚያውቁ በመታጠፊያው እየቆጠሩ ይናገራሉ። እኔ ከኋላቸው እቀመጣለሁ። የሚሉትና በመስኮቱ የሚታየው ካልተገናኘ ካፖርታቸውን ሁለቴ እጎትታለሁ። እሺ አልኩ። እምቢ ለማለት ብዙ መናገር ያስፈልግ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተነሳን። አስተባባሪዋ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ከመሥሪያ ቤቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ጋሼ ከሹፌሩ ጎን ማይክ ይዘው ተቀመጡ። ለክብሩ ብለው የክት ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ በግንቦት። ያ ካፖርት ለበረዶ የተሠራ ነው። ገበሩ የጥጥ ፍራሽ ያህላል።

ችግሩ የጀመረው ገና መንገዱን ሳንይዝ ነው። ሰባ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና ጥገና ላይ ስለነበረ ሹፌሩ ዲቱር አድርጎ በሌላ መንገድ ዞረ። ጋሼ መታጠፊያውን በራሳቸው ቁጥር ቆጠሩ።

"እንግዲህ ተሳፋሪዎች፣ አሁን በቀኝ በኩል የምታዩት ታላቅ ሕንፃ የግዛቱ ምክር ቤት ነው።"

በቀኝ በኩል ጎማ መሸጫ ነበር። ጎማዎቹ እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል። ካፖርቱን ሁለቴ ጎተትኩ። ምንም አልተሰማቸውም። እንደገና ጎተትኩ። ገበሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ዓምዶቹን ልብ በሉ" አሉ ጋሼ። "እነዚያ ክብ ክብ ዓምዶች በእጅ የተጠረቡ ናቸው።"

ሁላችንም ጎማዎቹን አየን። ታላቅ ሰው እየተናገረ "ተሳስተዋል" የሚል ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

"እውነትም ክብ ናቸው" አሉ ሐጂ፣ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ እያነሱ።

"ጥቁረታቸው!" አሉ ባለሻንጣዋ እትዬ።

ሚስትየዋ ነቃ ብለው "ጎማ አይደል እንዴ?" ሲሉ ባላቸው በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። "ዝም በይ። እንክብሉ ነው።"

የፈራሁት ዳይሬክተሩን ነበር። እሳቸው አርባ ዓመት ሰው ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ የምሳውን ዝርዝር ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። አፋቸውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ፣

"በጣም ሰፊ ምክር ቤት ነው" አሉ።

በሁለቱም እጄ ካፖርቱን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩ። ጋሼ ከነማይካቸው ወደኋላ ተንጋለው ጣሪያውን እያዩ ቀሩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየና ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ጋሼ ቀና አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕንፃ መናገር ፈሩ መሰለኝ ስለሚያውቁት ነገር ጀመሩ።

"እዚህ መስቀለኛ ላይ አንድ ሙሽራ ከነቬሏ አሳፍሬ ነበር። ቬሎው የፊት መስታወቱን ስለሸፈነው ሠርጉ ቤት የደረስነው በግምት ነው። እዚህ ጋ ደግሞ የኳስ ጨዋታ ባለቀ ቀን ሰው እንዳትጭኑ። ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ያስታውካሉ። በስተግራ አንድ ጊዜ እባብ በሣጥን የጫነ ሰው ያወረድኩበት ነው። እባብ መሆኑን የነገረኝ ከወረደ በኋላ ነው።"

"ሣጥኑ ተዘግቶ ነበር?" አሉ ሐጂ።

"ሲወርድ ክፍት ነበር።"

ሐጂ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሁሉም ሳቀ። አስተባባሪዋ እንኳ ስልኳን ዘግታ ታዳምጥ ጀመር። ነገሩ እየተሳካ ነበር። ብሮድ ስትሪት ደርሰን ቫኑ ቀይ መብራት ያዘውና ቆመ። እውነተኛው የግዛቱ ምክር ቤት፣ ነጭ፣ ጉልላቱ ተጀምሮ የቀረ የሚመስለው፣ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ነበር።

"እዚህ ጋ የሚታይ ነገር የለም" አሉ ጋሼ። "ትንሽ እንረፍ።"

ሁላችንም በአክብሮት ፊታችንን ወደ ሌላ በኩል አዞርን። ሐጂ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ሕንፃውን ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ሳዮቶ ወንዝ ስንደርስ ሩብ ሰዓት እንድናርፍ ከድልድዩ ጫፍ ወረድን። ባለሻንጣዋ እትዬ ሻንጣቸውን አስወርደው ወንዙን ግራና ቀኝ አዩ።

"መርከቧ የታለች?"

"እኛ ነን መርከቧ" አሉ ዳይሬክተሩ።

"እንግዲያ ሻንጣዬን ማን ይጭነዋል?"

ባለሻንጣዋ እትዬ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ሻንጣውን ለእኔ ሰጡኝ። ሲመለሱ ረስተውት ቫኑ ውስጥ ገቡ። እኔም ሻንጣውን እየጎተትኩ ከኋላ ቀረሁ። አንዱ ጎማው አይሽከረከርም።

በዚያ ድልድይ ላይ የነሐስ አጋዘን አለ። ቁመቱ ከሰው አያንስም፤ በሁለት እግሩ ቆሞ የፊት እግሮቹን የድልድዩ አጥር ላይ አስደግፎ ከተማውን ያያል። ሠሪው ለምን እንዲህ እንዳቆመው አላውቅም። ቀለሙ ቡናማ ነው። እኔም ያን ቀን ቡናማ ሹራብ ለብሻለሁ።

ጋሼ በቫኑ በር ቆመው የሚገባውን ሁሉ ትከሻ እየነኩ ቆጠሩ። ስድስት መሆን ነበረብን። አምስት ሆነ። ዞር ሲሉ ከአጥሩ ጋ አንድ ቡናማ ነገር ተደግፎ ቆሟል። ቀጥ ብለው ወደ አጋዘኑ ሄዱ።

"እትዬ፣ ጊዜው ደርሷል። ይግቡ እንጂ።"

አጋዘኑ አልመለሰም። ይህ አላስገረማቸውም፤ እኔም ብሆን አልመልስም ነበር። አጠገቡ መጥተው እንደ እሱ ክርናቸውን አጥሩ ላይ አደረጉ። ከኋላቸው አሥር እርምጃ ያህል እርቄ ስለነበር የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል።

"ተቀይመውኛል። አውቃለሁ። ጎማው ሸቶኝ ነበር እኮ! ግን ምክር ቤት ብዬ ከጀመርኩ በኋላ ወዴት ልመለስ?"

አጋዘኑ ከተማውን ያያል።

"ደግሞ ሲጎትቱኝ አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር። ግድ የለም። ለሚቀጥለው ወር ከሰጡኝ ከኋላ አይቀመጡ። ከጎኔ ይሁኑ። ሹፌሩን ከኋላ እናስቀምጠው ብል ደስ ባለኝ። ብቻ ከጎኔ ይሁኑ። ይህን ፊት ለፊት ለማለት አፍሬ ነው የቆየሁት፤ እርስዎ ዝም ሲሉ ሰው ያፍራል።"

ትከሻውን ነኩት።

"ኧረ! ብርድ መቶዎታል! ብረት ሆነዋል እኮ!"

ካፖርታቸውን አውልቀው አጋዘኑን አለበሱት። የላይኛውን ቁልፍም ቆለፉለት።

በዚህ ጊዜ አስተባባሪዋ ወረቀቷን ይዛ ከቫኑ ወረደች። "ጋሼ! ታይም የለንም! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው!" እያለች ወደ ድልድዩ መጣች። አሁን አንድ ነገር ካላደረግኩ አስጎብኚያችን አጋዘን ሲያለብሱ ልታያቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ቢንጎ ነው።

ሻንጣውን ጥዬ ሮጥኩ። ከሮጥኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በጋሼና በአጋዘኑ መካከል ገባሁ፣ ቁልፉን ፈታሁ፣ ካፖርቱን ገፈፍኩ። የምደብቅበት ቦታ ስላልነበረ ለበስኩት። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ወረደ።

"መጣሁ" አልኩ።

ጋሼ ድምፄን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። "አሁን ሞቀዎት አይደል?"

አስተባባሪዋ ደረሰች። እኔን አየች። ካፖርቱን አየች። ጋሼ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ፈገግ እንዳሉ አየች። ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

"እንዴ! እትዬ!"

የምታስበው ገባኝ። "አይደለም" ብል "ታዲያ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ለዚያ ደግሞ ያለኝ መልስ አጋዘኑ ብቻ ነው። መዋያው ውስጥ ስድስት ዓመት ስሜ በማንም አፍ ሳይገባ ኖሬያለሁ። ሻንጣውን አንስቼ ወደ ቫኑ ሄድኩ። ጋሼ የካፖርቱን እጅጌ ይዘው ተከተሉኝ።

ስንመለስ ላብ እየጠመቀኝ ካፖርቱን ማውለቅ አልቻልኩም። ማንም ቀጥታ አላየኝም፤ ሁሉም በመስኮቱ ነጸብራቅ ያየኛል። ሚስትየዋ ሙሉ በሙሉ ነቅተዋል።

"አንተ ካፖርትህን ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?" አሉ ባላቸውን።

"ጃንጥላው የማን ነው?"

"ዝናብ አለ እንዴ?"

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መዋያው ደጃፍ ደረስን። አስተባባሪዋ ስድስታችንንም ቆጥራ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። "ጋሼ፣ በየወሩ የእርስዎ ነው፤ ኮንፈርም አድርጌዋለሁ" አለች። ቀጥላ እኔን አየት አድርጋ፣ "አጃቢም አላጡም" ብላ ሳቋን እያፈነች ገባች።

ዳይሬክተሩ ሲወርዱ አጠገቤ ቆም አሉ።

"ድልድዩ ላይ መነጽሬን እየጠረግኩ ነበር" አሉ በዝግታ። "አጋዘን የሚባል ነገር አላየሁም።"

ሁሉም ከገቡ በኋላ ጋሼ የቫኑን በር ይዘው ቆመው ቀሩ። ካፖርቱን አውልቄ አጣጠፍኩና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"ድልድዩ ላይ ያልኩዎትን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ይላሉ?"

"ይህ ካፖርት በጣም ወፍራም ነው። ለሚቀጥለው ወር ስስ ይልበሱ።"

ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።