ኩራዙን ያጠፋንበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። ያኔ የምንኖረው ኮልፌ፣ ወደ አስኮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ እኔ፣ እናቴና ሰፈሩ ሁሉ አባባ ደምሴ የሚላቸው የእናቴ አባት። አባባ ቁጠባን ጸባያቸው አድርገውት ነበር። ጠዋት ፊታችንን የታጠብንበት ውሃ ባኞ ውስጥ ተጠራቅሞ ማታ እግራችንን ያጥባል፣ ከዚያ ጓሮ ወርዶ ጎመን ያጠጣል። የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ ቀጥቅጠው ያቃናሉ፤ አመዱ ድስት ይፈትጋል፤ አልቆ ከጣት የሚያመልጥ ሳሙና ከሌላ ስባሪ ጋር ተጣብቆ እንደገና ሳሙና ይሆናል። እናቴ ስትሰለች «አባዬ፣ እኔንም ሳረጅ ለሆነ ነገር ሳያውሉኝ አይቀሩም» ትላቸዋለች። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ «ምን አለበት!» ይላሉ።

ከሁሉ የሚሳሱት ግን ለላምባ ነበር። ኤሌክትሪክ ገና አልገባልንም፤ ላምባ ደግሞ ከኅብረት ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው ነው፣ ያውም ሲመጣ። ስለዚህ እራት ተበልቶ ሲያበቃ የግቢው ልጆች መጥተው ምድጃውን ይከባሉ፤ አባባ ጋቢያቸውን ያስተካክሉና ኩራዙን እፍ ብለው ያጠፉታል። «ጆሮ ምን መብራት ያስፈልገዋል?» ነበር የሚሉት። ክሩ ሲጠፋ የሚተወው ጭስ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ እያለ የፍሙ ቅላት የሰዉን ጉልበትና እጅ ያሳያል፣ የአባባ ፊት ግን ጨለማው ውስጥ ይቀራል፤ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ዛሬም የሆነ ቦታ የላምባ ጭስ ከሸተተኝ መጀመሪያ የምሰማው ያንን ድምፅ ነው።

በጣም የምንወደው ተረት የጅቡ ነበር። ጅቡ ድግስ ይደግስና ቤቱ ጨለማ እንዳይሆንበት መጀመሪያ በሩን ነቅሎ ያነደዋል። እንግዶቹ «እንዴት ያለ ብርሃን ነው!» ብለው ሲያደንቁት ደስ ይለውና መስኮቱን፣ ቀጥሎ ቆጡን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ያነድዳል። አባባ በየምሽቱ አንድ ነገር ብቻ ያስነድዱታል፤ የቀረውን ለነገ ያቆዩታል። ተረትም ይቆጥቡ ነበር ማለት ነው።

ጊዜው ግን የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ እኛ ልጆችም ምን እንደሆነ ሳይነገረን መፍራትን ተምረን ነበር። አንድ ምሽት ጅቡ ማገሩን ጨርሶ የመሀሉን ምሰሶ ቀና ብሎ ሲያይ የቤታችን በር በሰደፍ ተመታ። እናቴ ስትከፍት ሦስት የአብዮት ጥበቃዎች ገቡ። ባትሪያቸውን በየፊታችን ላይ አዞሩት።

«በጨለማ ምን ስብሰባ ነው?» አለ አለቃቸው።

«ስብሰባ አይደለም ልጄ፣ ተረት ነው» አሉ አባባ።

«ተረት በጨለማ?»

«ላምባ ለመቆጠብ ብለን ነው።»

አንደኛው ሳቀ። ባትሪው ደሳለኝ ፊት ላይ መጥቶ ቆመ። ደሳለኝ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት የጎረቤቶቻችን ልጅ ነው፤ ወላጆቹ መርካቶ ነግደው እስኪመለሱ ታናናሾቹን ይዞ እኛ ቤት ያመሻል። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ተማሪ መሆን ብቻውን ለመጠርጠር ይበቃ ነበር።

«አንተም ጎረምሳው ተረት ልትሰማ ነው የመጣኸው?» አለው አለቃው። የደሳለኝ ታናሽ እህት እጁን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ነው አባባ በሩ ላይ የቆመውን ሦስተኛውን ጠባቂ ያዩት። ታዬ ነበር። የሰፈራችን ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ምድጃ ዳር እየተቀመጠ ያንኑ የጅብ ተረት የሰማ፣ ኩራዙ ሲጠፋ «እኔ እፍ ልበለው» ብሎ የሚሻማ ልጅ። አባባ ፊታቸው በራ።

«ታዬ! አንተ ታውቅ የለ እንዴ? ሁልጊዜ እንደምናጠፋው ንገራቸው እንጂ!»

ሁላችንም ዞረን አየነው። ታዬ ወደ ፍሙ ተመለከተ። የጠመንጃውን ማንገቻ በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ አስታውሳለሁ። አለቃው «ታውቃለህ?» ሲለው «አላውቅም» አለ፤ በጣም በቀስታ።

አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እንግዲህ ልጁን ተዉት። ቤቱ የእኔ ነው፣ መብራቱን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።» እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸው ግን ትከሻዋን ነካ አድርገው አለፏት። ደሳለኝን ትተው እሳቸውን ወሰዱ። ከወጡ በኋላ ማንም ኩራዙን ለመለኮስ እጁን አላነሳም፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ተቀመጥን።

አባባ ከብዙ ቀናት በኋላ ተመለሱ። ከስተው ነበር፣ አንድ እግራቸውንም ይጎትታሉ። ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩንም፣ እናቴም አልጠየቀችም። ልማዳቸው አልተለወጠም፤ ውሃው እንደበፊቱ ጎመኑ ጋ ይሄዳል፣ ሚስማሩ ይቃናል። ኩራዙን ግን ማጥፋት ተዉ። ገና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያስለኩሱታል፣ በሩንም ገርበብ ያስደርጉታል፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ዝም ብለው መቀመጣቸውን እንዲያይ። የወሩ ላምባ ወሩ ሲጋመስ ማለቅ ጀመረ። ሲያልቅ አባባ ጨለማው ውስጥ ከመቀመጥ መተኛት ይመርጡ ነበር።

ልጆቹ መምጣት አቆሙ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ አንድ ምሽት አጠገባቸው ተጠግቼ «አባባ፣ ጅቡ ምሰሶውን አነደደው?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሡ «ታዬም እኮ እዚሁ ተቀምጦ ነበር የሰማው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ተረት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ ደርግ ሳይወርድ አረፉ። ስባሪ ሳሙና ለማይጥሉ ሰው ያ ሁሉ የለፉበት ተረት ባክኖ መቅረቱ እንዴት እንዳመማቸው የገባኝ ራሴ እናት ስሆን ነው። ታዬ ያን ምሽት «አውቃለሁ» ቢል ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበርም ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ይህን ለአባባ የምነግርበት ጊዜ ግን አልፏል።

ልጆቼ ትምህርት ቤት ስለ ቁጠባና ስለ አካባቢ እንክብካቤ ተምረው ሲመጡ አዲስ ነገር የሚነግሩኝ ይመስላቸዋል። የታጠቡበትን ውሃ ለአትክልቱ ያጠጣሉ፣ የወረቀቱን ጀርባ ይጽፉበታል፣ ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ያጠፋሉ፤ ደስ ይለኛል። ባለፈው ግን ሳሎኑን ጭልም አደረጉና አጠገቤ ተኮልኩለው «እማዬ፣ እስቲ ተረት ንገሪን» አሉኝ። ጅቡን ጀመርኩላቸው። በሩን አነደደ፣ መስኮቱን አነደደ፣ ቆጡን አነደደ። ምሰሶው ላይ ስደርስ ትንሿ «ከዚያስ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት፤ በጣም በቀስታ።