ቴፑን የተጣላው ቆቅ

በነገሩ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። እስራኤል መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ ከገባን ጀምሮ ከአራተኛ ፎቅ አልወርድም ያለችው እናቴ፣ ፋብሪካ ውላ ስትመለስም ቀልድ የማያልቅባት ባለቤቴ፣ እና እኔ። እኔ ልጆቼን ማሽን ሰውን ያሰንፋል እያልኩ የምገሥጽ፣ ዕብራይስጥን ግን በቴፕ ለብቻዬ የምማር ሰው ነበርኩ።

አጎቴ ከጎንደር ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከልን። እናቴ የወንድሟን ሰላምታ ሰምታ ካበቃች በኋላ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ አስመለሰችኝ። ከድምፁ ጀርባ ቆቅ ይጮኻል። እዚህ አገር ቆቅ የለም፣ ምን ለማየት ብዬ ልውረድ አለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ እንደሚገኝ መጽሐፍ ላይ ማንበቤን ብነግራት አላመነችኝም። ሳትንቀሳቀስ እግሯ እየከዳት መሄዱ ያስጨንቀኝ ነበር።

ባለቤቴ ቆቁን ቀድተን እናሰማት አለች። ቴፕ መጫወቻ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። ዓርብ ጠዋት ግን ስንዴ ማሳ ዳር በሆዴ ተኝቼ ቴፑን ወደ ኮረብታው ደግኜ ነበር። ባዶ ካሴት ስላልነበረን በሰባተኛው የዕብራይስጥ ትምህርቴ ላይ ቀዳነው።

እናቴ አዳመጠችና፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያንተባትበዋል? ልየው እስቲ» ብላ ጫማዋን ፈለገች።

ደረጃውን መውረድ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ኮረብታው ሥር ቴፑን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ከፈትነው። አንድ አውራ ቆቅ ደረቱን ነፍቶ ከቁጥቋጦው ወጣ። ባላንጣ የመጣበት መስሎት ቴፑን ሁለቴ ዞረው፣ ከዚያ ዘሎ ላዩ ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ እኛ የቀዳነው አለቀና የትምህርቱ ትራፊ ቀጠለ። አስተማሪዋ በዕብራይስጥ፣ ከእኔ ጋር ድገሙ ስትል ቆቁ አንገቱን አስግጎ ካካካ አለ።

«ካንተ ይሻላል» አለች ባለቤቴ፣ «እሱ ቶሎ ይመልሳል።»

እናቴ ሣሩ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ቁም ነገረኛው ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። ቆቁ ሸሸ፣ እኛ ግን ማቆም አቃተን።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ የምትጠብቀን እናቴ ሆነች። ማሽን ያሰንፋል ያልኩትን በልጆቼ ፊት ትቻለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ግን አሁንም አላምነውም። ለባትሪና ላጠፋሁት ትምህርት ምትክ ካሴት ሦስታችንንም ያስወጣን በድምሩ ሃያ ሁለት ሸቀል ነው፤ ሁለቱን ሸቀል እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ።