ታፍኖ የሚመታ ዘፈን

ማልሱን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጊታር ስትነካ ኖራ አንድ ዘፈን እንኳ መጫወት አትችልም ነበር። ኢንቾን ከተማ በሚገኘው የጊታር ፋብሪካ ውስጥ የመጨረሻው ጠረጴዛ የእሷ ነበር። ተሠርቶ ያለቀው ጊታር ሣጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ታቅፈዋለች፤ ስድስቱን ክሮች ከላይ እስከ ታች እየተጫነች አንድ በአንድ እየነካች ትሰማለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከተዘረጋ ታሳልፈዋለች። አንዱ ቦታ ላይ እንኳ ታፍኖ "ጥብ" ካለ ቀይ ፕላስተር ለጥፋ ትመልሰዋለች። በቀን መቶ ሃያ ጊታር እንዲህ በእጇ ያልፋል። ድምፁ ይሞታል ወይስ አይሞትም? ከዚህ ሌላ ስለ ሙዚቃ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው በር ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ሥራው ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ተዛውሯል ይላል። ሠራተኞቹ ሥራችን ይመለስ ብለው በሩ ፊት ለፊት ድንኳን ተከሉ። መጀመሪያ መቶ ነበሩ። ሁለተኛው የበረዶ ወቅት ሲመጣ ዐሥራ አምስት ቀሩ። ሌላው ሥራ ያገኘው ወደ ሥራው፣ ያላገኘው ወደ ልጆቹ ቤት ሄደ። ማልሱን ኀምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሚቀጥራትም፣ የምትሄድበት ልጅም የለም። ስለዚህ ቀረች።

የሙዚቃ ባንድ ማቋቋሙ የታልሱ ሐሳብ ነበር። ታልሱ የጊታሩን አንገት ከአካሉ ጋር የሚገጥም ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። "ይህን ሁሉ ዓመት ጊታር ሠርተን አንዳችንም መጫወት አንችልም ቢባል ያሳፍራል" አለና እሱ ጊታር ያዘ። የቀለም ክፍሉ ጋሽ ቾልጉ ቤዝ ጊታር፣ የማሸጊያ ክፍሏ ኢንሱክ ድራም ያዙ። ማልሱን ራምየን የሚሉትን የፓስታ ሾርባ ትቀቅልላቸዋለች፣ ገመድ ትጠቀልልላቸዋለች። ታልሱ አንድ ዘፈን ሠራ፤ ቃል የለውም። የቀኝ መዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ላይ አሳርፎ ነበር የሚመታው። ድምፁ ከግድግዳ ወዲያ እንዳለ ማሽን ዱብ ዱብ ይላል፤ ታፍኖ ይጀምራል፣ ታፍኖ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ኢንሱክ ከድራሙ ጋር ያለውን የናስ ሳህን ስትመታ፣ እጁን ያነሣና ድምፁ ሁሉ ይለቀቃል።

በጥር ወር ታልሱ ሞተ። ሳንባው የእንጨት ብናኝና የቀለም ጭስ ጠጥቶ ነበር፤ ሁለት የበረዶ ወቅት ድንኳን ውስጥ ማደሩ ጨረሰው። በቀብሩ ላይ የተያዘውን የእሱን ፎቶግራፍ ጓደኞቹ አምጥተው የድንኳኑ መሐል ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ሊሄዱ ያሰቡትም ፎቶውን እያዩ ዕቃቸውን ሳይሸክፉ ቀሩ። እሱ እዚያ እያየ ማን ተነሥቶ ይሄዳል?

ባለቤቱ ዮንጃ ግን ከቀብሩ በኋላ መጣችና እጇን ዘረጋች።

"ፎቶውን ስጡኝ።"

ጋሽ ቾልጉ ከመቀመጫው ተነሣ። "ዮንጃ፣ እህቴ፣ የሙት መታሰቢያው እስከሚደረግበት እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን እንኳ ተይልን። ሥርዓቱን እዚሁ በሩ ላይ እናድርግለት። ዘፈኑን እንመታለታለን።"

"እናንተ አይደላችሁ እንዴ የገደላችሁት? ዶክተሩ ሙቅ ቤት ይተኛ ሲል እዚህ አስቀምጣችሁት።"

ያለችው እውነት ነበር።

ዮንጃ ፎቶውን ቆማ አየችው። "እሺ። ያን ቀን እመጣለሁ። ዘፈኑን እሱ እንደሚመታው ከመታችሁት ትግላችሁ እስኪያልቅ እዚሁ ይቆይ። ጩኸት ካደረጋችሁት ግን ይዤው እሄዳለሁ።"

እሷ ከሄደች በኋላ ሁሉም ወደ ማልሱን ዞሩ። የጊታሩን አንገት እንደ ቤታቸው የሚያውቁት የእሷ የግራ እጅ ጣቶች ብቻ ነበሩ።

"እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም" አለች።

"እኔስ ሙዚቀኛ ነኝ?" አለች ኢንሱክ። "ካርቶን ነበር የማሽገው፤ አሁን ካርቶን የሚመስል ነገር እደበድባለሁ።"

ያስተማራት ኪሆ ነው። ኪሆ የጋዝ ሲሊንደር በሞተር ሳይክል የሚያመላልስ፣ ፀጉሩ ወገቡ የሚደርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡፕዮንግ በሚባል ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁር ሙዚቃ የሚጫወት የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የገዛ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ይመጣል።

"የመጀመሪያ ጊታሬ የእናንተ ፋብሪካ ሥራ ነበር እትዬ። ሦስተኛው ክር ይንጫጫ ነበር። እርስዎ ይሆኑ ያሳለፉት?"

"በእኔ እጅ አላለፈም።"

"ታዲያ በማን?"

"ያን ቀን አሞኝ ቀርቼ ይሆናል።"

ቀኝ እጇን ይዞ ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ ከታሰሩበት ብረት የሚነሡበት ቦታ ላይ አሳረፈው። "ከትንሿ ጣት በታች ያለው ሥጋ፤ ግማሹ ብረቱ ላይ፣ ግማሹ ክሩ ላይ። በጣም ከገቡ እንጨት ይሆናል፣ ወደ ኋላ ከቀሩ ይጮኻል። ይምቱ።"

መታች። ዱብ። ዱብ። ሦስተኛው ተለቀቀና ድንኳኑን ሞላው።

"ለምን ያነሡታል?"

"ምኑን?"

"እጅዎን ነዋ። ሁለት ይመቱና በሦስተኛው ያነሡታል።"

"አላነሣሁም።"

"ኢንሱክ፣ ዳኚን እስቲ።"

"አንሥታለች። ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው ነው የምትሸሸው።"

ማልሱን እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተነሣ። የፈለገችው አልነበረም። ጆሮዋ የታፈነውን ድምፅ ሲሰማ እጇ ሳይጠይቃት ይነሣል፤ ቀይ ፕላስተሩ ወደነበረበት ወደ ጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ሊሄድ ይዳዳዋል።

"ድምፁ ሞቷላ" አለች ቀስ ብላ። "ሲሞት እጄ አይችልም።"

"መሞት አለበት እኮ! ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።"

"ግማሽ ሞት አለ እንዴ?"

"እንዴት የለም?" አለ ጋሽ ቾልጉ ከምድጃው ዳር። "እኛ ምን ሆነን ነው እዚህ የተቀመጥነው?"

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ማልሱን ጠዋት ተነሥታ በረዶውን ከድንኳኑ ጣሪያ ታወርዳለች፣ ጣቶቿን ከምድጃው ታሞቃለች፣ ትመታለች። አንዳንድ ቀን እስከ ስምንተኛው ምት ድረስ ታፍኖ ይሄድላትና ዘጠነኛው ላይ ያመልጣታል። ያመለጠው ድምፅ ደግሞ ጥሩ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ በፋብሪካው ሕግ ሣጥን የሚገባ። የሚያናድዳት ይኸው ነበር። በእንጀራዋ የተማረችው ነገር መንገድ ዘጋባት፤ እንጀራው ራሱ ከሄደ በኋላ።

"ቀለም መድረቁን እንዴት እንደምናይ ታውቂያለሽ?" አላት ጋሽ ቾልጉ አንድ ቀን። "ጣትሽን ታሳርፊያለሽ። መድረቁን ለማወቅ የሚበቃ ያህል፣ አሻራ የማይተው ያህል። ከዚያ በላይ ከተጫንሽ አበላሸሽው፣ ከዚያ ባነሰ ምንም አላወቅሽም። እንደዚያ አሳርፊው።"

ክብደቱ ያን ቀን ገባት። መሸሹ ግን አልተዋትም።

መፍትሔውን ያመጣችው ኢንሱክ ናት። ከኪሷ ሁለት ቢጫ ስፖንጅ አወጣች፤ እንጨት የሚፍቁት ሠራተኞች ለማሽኑ ጩኸት ጆሯቸው ውስጥ የሚወትፉት ነበር። "ዕቃችንን እንድናወጣ ሲያስገቡን አንድ ሣጥን ሙሉ ይዤ ወጥቻለሁ። ካሳ ካልሰጡኝ በስፖንጅ ልካስ ብዬ። እንኪ እትዬ፣ ጆሮሽን ድፈኚው። ካልሰማሽው አትሸሺውም።"

ማልሱን ወተፈችና መታች። ድምፁ ርቆ ሄደ። በእሱ ፋንታ ክሩ ከመዳፏ ሥር ሲንቀጠቀጥ ታወቃት፤ ሲንቀጠቀጥ፣ ወዲያው ሲተኛ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ቀና ስትል ኪሆ አፉን ከፍቶ ያያታል።

"ምን አልክ?" አለችው።

"ምንም አላልኩም። ይድገሙት።"

በሚቀጥለው ሳምንት ኪሆ ስፖንጁን እንድታወጣው ለመናት። ሞከረች፤ መሐል ላይ እጇ ተነሣ። መልሳ ወተፈችው። "ለዚያ ቀን ይኑርልኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን አድርግ።"

"የመጨረሻውን ናስ ካልሰሙ እጅዎን መቼ ሊያነሡ ነው?"

"ኢንሱክ በደንብ ከመታችው ይሰማኛል።"

በደንብ ስትመታው ይሰማት ነበር፤ በልምምድ አንዴም አላመለጣትም።

አርባ ዘጠነኛው ቀን ዝናብ ከበረዶ ጋር ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር። በተቆለፈው በር ፊት ሸራ ወጥረው ጠረጴዛውን አሰናዱ፤ ሩዝ፣ ሾርባ፣ የደረቀ ዓሣ፣ አናቱ የተቆረጠ ፒር የሚባል ፍራፍሬ፣ አንድ ጠርሙስ ሶጁ የሚባል አረቄ። ፎቶውን ከምሰሶው አውርደው መሐል አቆሙት። ዮንጃ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃዋ በቀጥታ ከነዩኒፎርሟ መጣች፤ ዐይኗ ቀልቷል። ማንንም ሰላም አላለችም። ለፎቶው ሰገደች፣ ሶጁውን ቀዳች፣ ፊት ለፊት ያለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ማልሱን ጆሮዋን ደፍና ጀመረች።

ክሩ ከመዳፏ ሥር ተነሣ፣ ተኛ። ቾልጉ በቤዙ ገባ፤ ንዝረቱን በእግሯ በኩል ሰማችው። ወደ ዮንጃ አላየችም፤ ወደ ገዛ እጇ ብቻ። አልሸሸም። እጇ እንደ ታዘዘ ሰው እዚያው ተቀመጠ። ኢንሱክ ግን የዮንጃን ፊት እያየች ትመታ ነበርና ፈራች፤ መጨረሻው ሲደርስ ናሱን የነካችው ሙታንን እንዳትቀሰቅስ ያህል ነው። ማልሱን አልሰማችም። እጇን ሳታነሣ አንድ ዙር ጨመረች፤ ቾልጉ ማቆሙን በእግሯ ስታውቅ እሷም አቆመች። ዘፈኑ እንደታፈነ አለቀ።

ምን እንዳደረገች የገባት የኢንሱክን ፊት ስታይ ነው። ዮንጃ ተነሥታለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማልሱን ስፖንጁን ከአንድ ጆሮዋ መዘዘች።

"...እንዲህ ነበር የሚጨርሰው" ትላለች ዮንጃ። "ቤት ውስጥ እንዲህ ነበር። እኔ ሌሊት ሠርቼ ቀን ስተኛ እንዳልነቃ ብሎ ነው እጁን የሚጭንበት። ለዘፈኑ ብሎ መስሏችኋል?"

ዮንጃ ፊቷን ወደ ፎቶው መለሰች።

"አንድ ክፍል ቤት ውስጥ። ራስጌዬ ተቀምጦ። ግማሹን ጊዜ ተኝቼ አልሰማሁትም።"

"እህቴ፣ እንግዲህ..." አለ ጋሽ ቾልጉ። "እሱ እንደሚመታው ከመታነው ይቆያል ብለሽ ነበር።"

"ብያለሁ።" ዮንጃ ፊቷን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። "መትታችሁታል። በቃሌ እቆማለሁ፤ ይቆይ። እኔ ግን ቤት ገብቼ በባዶው ግድግዳ ሥር እተኛለሁ።"

ይህን ብላ ጃንጥላዋን አነሣች። ማልሱን ጊታሩን ወንበር ላይ አስተኛችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ፎቶውን አንሥታ መስታወቱ ላይ ያረፈውን ውኃ በጓንቷ ጠረገች፤ ለሥርዓቱ በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ለዮንጃ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

"እትዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው?" አለች ኢንሱክ።

"የቤት ሰው ነው" አለች ማልሱን። "ወደ ቤቱ ይግባ።"

ዮንጃ አላመሰገነችም። ጥቅሉን ከዩኒፎርሟ ሥር ሸጉጣ በዝናቡ ውስጥ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች፤ አውቶቡሱ ሲጭናት ከሸራው ሥር ሆነው አዩ።

"ሰባት ሳምንት" አለች ኢንሱክ። "ሰባት ሳምንት የለፋነው ለዚህ ነው?"

"ለዚሁ ነው።"

በዚያው ሳምንት ስምንት ሰዎች ዕቃቸውን ሸከፉ። አንደኛው የማልሱንን ዐይን እንኳ ሳያይ ነው የሄደው፤ ሌሎቹ አቅፈዋት ሄዱ። እሷም ይህ እንደሚሆን ጨርቁን ስትጠቀልል ታውቀው ነበር። ያን ቀን ግን ገና ሁሉም ሸራው ሥር ቆመው ነበርና፣ የሙታን ምግብ ደግሞ ተካፍለው ይበሉታል እንጂ አይጣልምና፣ ማልሱን ሾርባውን ምድጃው ላይ መልሳ ጣደችው።

"ተቀመጡ" አለች። "ሩዙ ቀዝቅዟል፤ በሾርባው ታሞቁታላችሁ።"

ኪሆ ሳህኑን ተቀብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እጅዎ አልተነሣም እኮ እትዬ" አላት።

"አልተነሣም" አለችና ዓሣውን ቆርሳ አካፈለችው።