የጥሩአየሁ አቡጀዲ

ጥሩአየሁ ለጎብኚ የተዘረጋውን ገመድ በእጇ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አለፈች። ልጇ ነፃነት ከኋላዋ «እማዬ! ወዴት ነው?» ብላ ብትጮህም የማሽኖቹ ሁካታ ድምፁን ዋጠው። ጥሩአየሁ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሽመና ማሽን ሄደችና እየተጠቀለለ ያለውን ነጭ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸችው። ቀለም የለው፣ ናይለን የለው፣ ንጹሕ ጥጥ ነው። አቡጀዲ።

የመጣችው ለዚህ ነበር። መግነዣዋን በቁሟ አይታ፣ በእጇ ነክታ ልትገዛ። ቤተሰቡ ግን ይህን አያውቅም። ሽርሽር የመጣ መስሎታል።

«እጅሽን! እጅሽን ይበላሻል!» ማሽኑን የያዘው ሽማግሌ እጀታውን ገፍቶ አቆመው። ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ትክ ብሎ አያት። «ጥሩዬ? የማጠንጠኛ ክፍሏ ጥሩዬ?»

«ጭምዴሳ! አንተ እስካሁን ከዚህ አልወጣህም?»

«እነዚህ ማሽኖች ጆሮዬን ወስደውብኝ እንዴት እወጣለሁ? ሳይመልሱልኝ ንቅንቅ አልልም።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

ፋብሪካው ያለው ጎሬ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። ማሽኖቹን ያስመጣቸው ድሮ አንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ነው ይባላል፤ በባሮ ወንዝ በመርከብ ጋምቤላ ደርሰው፣ እዚያ ተፈታተው፣ ገሚሱ በበቅሎ ገሚሱ በሰው ትከሻ ዳገቱን ወጡ። ፋብሪካው በደርግ ጊዜ ተወረሰ፣ ኋላ ለግል ተሸጠ። አሁን አብዛኞቹ ማሽኖች ፎጣና ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ለቤተሰብ ክፍት ነው። ልጆች ጥጥ ይነካሉ፣ አዋቂዎች ፎቶ ይነሳሉ፣ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ምሳ ይበላል።

ጥሩአየሁ በዚህ በር መጀመሪያ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። አባቷ ከመንዝ መጥቶ ጎሬ አውራጃ ጽሕፈት ቤት በተላላኪነት የኖረ ሰው ነበር። ጡረታው ሳይደርስ ሞተ፤ እሷ ትምህርቷን ትታ ሥራ ገባች። ሥራዋ ክር በቀሰም ማጠንጠን ነው። ቀሰሙ ሲሞላ ታወጣለች፣ ባዶውን ትተክላለች፣ ክሩ ሲበጠስ ትቀጥላለች። ጨርቁ የሚወጣው ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ሲወጣ አታየውም። ሠራተኞቹ ማታ በር ላይ ይፈተሻሉ። ፀጉራቸው ላይ የቀረ ክር ቢገኝ እንኳ ዘበኛው ለቅሞ ያስቀር ነበር። ፋብሪካው ሲሸጥ ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ባሏ ሸዋንግዛው መቱ የሹፌርነት ሥራ አግኝቶ ስለነበር ተከትላው ሄደች። ገበያ ወጥታ ጨውና ሳሙና ሸጠች፣ ነፃነትን አሳደገች፣ ለግብርና ባለሙያው ለአራርሳ ዳረች።

ሸዋንግዛው የሞተው ሐምሌ ላይ ነው። በመሬት መንሸራተት የጅማውም የጎሬውም መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ከገባ ሰንብቶ ነበር። ዕድሩ ሳጥንና ድንኳን አመጣ፤ መግነዣ የቤተሰብ ነው። መቱ ውስጥ የቀረ ሱቅ ሳይኖር ተዞረ። ነጭ ጨርቅ ጠፋ። ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ዝናቡ ይወርዳል። በመጨረሻ ነፃነት ከራሷ ሳጥን አዲስ አንሶላ አወጣች፤ ሰማያዊ ጽጌረዳ የታተመበት። በእሱ ተገነዘ። ማንም ምንም አላለም፤ ለቀስተኛው ግን አይቷል። ጥሩአየሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የወሰነችው አንድ ነገር ነው፦ እኔ በአበባ አልሄድም።

ስለዚህ አራርሳ አንድ ማታ «ልጅቷን ጎሬ ፋብሪካ ብናሳያት ምን ይመስልሻል?» ሲል ሚስቱን የጠየቀ ጊዜ ከሁሉም ቀድማ የመለሰችው ጥሩአየሁ ነበረች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

አሁን ነፃነት በገመዱ ዙሪያ ዞራ ደረሰች። አራርሳ ልጃቸውን አቢጋኤልን እጇን ይዞ ተከተለ። ጭምዴሳ ለአራርሳ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብሎ እጁን ጨበጠ፣ ልጅቷን ሳመ።

«ከዚህ ቁረጥልኝ» አለችው ጥሩአየሁ ጨርቁን እያሳየች።

«ለምንሽ ነው? ለአንሶላ?»

«ለመግነዣ።»

ጭምዴሳ ፊቱ ተለወጠ። «እኔን! ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም። ለራሴ ነው።»

ከኪሱ ያወጣውን መቀስ መልሶ ከተተው። «ላኪ» አለ። «አይሆንም፣ ጥሩዬ። ሰው ፊቴ ቆሞ እየሳቀ መግነዣውን አልቆርጥም። እጄ እንቢ ይላል።»

«አልሳቅሁም።»

«አየህ አይደል፣ ጋሼ?» አለች ነፃነት። «መንገድ ሙሉ ምን ልታደርጊ ነው ስላት ልጅቷን ላሳይ ነው ስትለኝ ነበር። ለካ ሟርት ልትገዛ ነው! ሞትን ቤታችን ድረስ በሚኒባስ ልትጭነው!»

«እትዬ» አለ አራርሳ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኛ ጴንጤዎቹ ዘንድ ነፍስ ከወጣ በኋላ ጨርቁ ያን ያህል ቁም ነገር አይደለም።»

«እናንተማ በሱፍና በከረባት ነው የምትሄዱት፤ አይቻለሁ። እኔ ከረባት የለኝም።»

አራርሳ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ማሽኑ ዞረ። ነፃነት እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻት። ጥሩአየሁ አልታገለችም። በመንገዷ ግን ፋብሪካው በር ላይ ወዳለችው ሱቅ ጎራ አለች። ሻጯ ፎጣ አሳየቻት፣ የሕፃን ብርድ ልብስ አሳየቻት። አቡጀዲ ችርቻሮ አይሸጥም፤ በጣቃ ተጠቅልሎ ለጅምላ ነጋዴ ነው የሚወጣው።

ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። አቢጋኤል ከመላጥ ቀና ሳትል «መግነዣ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እንቁላልሽን ብይ» አላት አባቷ።

ነፃነት አልበላችም። «ስለ አንሶላዬ ነው አይደል ልትነግሪኝ የፈለግሽው?» አለች።

«ስለ አንሶላሽ የተናገረ አለ?»

«የለም። አባዬ ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቀን አላነሳሽውም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ስለምን እሰድብሻለሁ? አምጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሱቁ ባዶ፣ ቄሱ ቆመው፣ ምን ልናደርግ ነበር?»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ?»

«ሐምሌ ተመልሶ ይመጣል» አለች ጥሩአየሁ። «መንገዱም ይንሸራተታል። እኔ ሐምሌ ላይ ብሞት ደግሞ ቤት ለቤት ጨርቅ ስትለምኚ ልትውዪ ነው? ከሳጥን አውጥተሽ ከገነዝሽኝ አንድ ጣጣ ተቃለለልሽ።»

«አትበይው! ልጅ ፊት አትበይው።»

«እሺ፣ አልልም።» የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች። «ጭምዴሳን ልሰናበተው።»

ነፃነት ባሏን አየችው። አራርሳ ትከሻውን ነቀነቀ። ሁሉም ተነሥተው ተከተሏት።

አራተኛው ማሽን እንደገና መሥራት ጀምሮ ነበር። መወርወሪያው ግራና ቀኝ ይሮጣል። ገመዱ ዳር የመጡ ጎብኚዎች ስልክ ይዘው ቆመዋል፤ አስጎብኚዋ ጮክ ብላ ታስረዳለች። «ይህ ማሽን እንደ ድሮው ንጹሕ ጥጥ የሚሠራ ብቸኛው ነው። ያላቆምነው እስካሁን ፈላጊ ስላለው ነው» አለች።

ጥሩአየሁ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ጭምዴሳ ጆሮ አጠገብ ደረሰች። «ፈላጊው ማነው?» አለችው።

«ምን?»

«ይህ ጨርቅ የት ይሄዳል?»

«መቱ ይሄዳል፣ በደሌ ይሄዳል፣ ጋምቤላ ይወርዳል።»

«በዚህ ዘመን አቡጀዲ ለብሶ ገበያ የወጣ ሰው አይተሃል?»

ጭምዴሳ አሰበ። «አላየሁም።»

«ለብሶት የሚሄድ አለ እንጂ ለብሶት የሚመጣ የለም። ምን ስትሠራ የኖርክ መሰለህ? መጋረጃ? ይህ ማሽን ያልቆመው ሰው መሞቱን ስላልተወ ነው። ለጋምቤላ ሰው ስትሸምን እጅህ እንቢ አላለም፤ ለኔ ሲሆን እንቢ አለ?»

«የእነሱን ፊት አላውቅም» አለ ጭምዴሳ።

«እንግዲያው ዞር ብለህ ቁረጥ።»

ጭምዴሳ ጎንበስ አለ። እጁን ከማሽኑ ጀርባ ወዳለው የድር ጥቅል ሰደደ። ጥቅሉ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማሽኑን አቆመና ወደ ፊት ዞሮ የተሠራውን ጨርቅ ዳበሰ፤ ጣቃ እንደማይሞላ ሊያውቅ መለካት አላስፈለገውም። ጣቃ ያልሞላ ጨርቅ ለነጋዴ አይወጣም፤ ሠራተኛ መግዛት ይችላል።

«በእኔ ስም ይወጣል» አለ በመጨረሻ። «ከፍለሽ ትወስጃለሽ። ግን እኔ መቀስ አላነሣም። ማሎ፣ እባክሽ፣ በዚህ አታስቸግሪኝ።» መቀሱን አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ጥሩአየሁ ጨርቁን ከጥቅሉ ስባ ዘረጋች። ጣቶቿ ክር ሲያጠነጥኑ ኖረው አሁን በቁርጥማት ተጣመዋል፤ መቀሱም ከባድ ነው። አንዴ ቆረጠች። መቀሱ ወደ ጎን ሄደ። ሁለተኛ ቆረጠች፤ ይባስ ጠመመ።

ነፃነት ገመዱን ተሻገረች። «ስጪኝ» አለች። «ታበላሺዋለሽ።»

«ተዪው፣ እችላለሁ።»

«የሰካራም እርሻ አስመሰልሽው እኮ! ስጪኝ አልኩሽ።»

መቀሱን ወሰደች። ከዚያ ግን ቆም አለች። «ምን ያህል ነው?»

«ከቁመቴ ተርፎ እግሬ ሥር የሚታጠፍ።»

«ቁሚ እስቲ። ቀጥ በይ።»

ጥሩአየሁ ቀጥ ብላ ቆመች። ነፃነት የጨርቁን ጫፍ ከእናቷ አናት በላይ ያዘች፤ አራርሳ ጎንበስ ብሎ ሌላውን ጫፍ እግሯ ሥር አጠፈ። አቢጋኤል አያቷ ከጨርቁ ኋላ ስለጠፋች ሳቀች። ጎብኚዎቹ ሥርዓቱ የጉብኝቱ አካል መሰላቸው፤ ስልኮች ተነሡ። አንዲት ሴትዮ ነፃነትን «የኔ እኅት፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ አዙሪያት» አለቻት።

«አሁን አዞራታለሁ» አለች ነፃነት። አላዞረቻትም።

«በወርዱ ደግሞ እጥፍ ይሁን» አለች ጥሩአየሁ ከጨርቁ ጀርባ። «ሸዋንግዛው በአንድ ሽፋን ብቻ ነው የሄደው፤ ዝናብ ነበር።»

ነፃነት እጥፍ አድርጋ ለካች። ከዚያ ቆረጠች። ቀጥ ብሎ ወጣ። ጭምዴሳ እስክትጨርስ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማሽን ዘይት የሚቀባ መሰለ።

«ጨረስን፤ ዙር» አለችው ጥሩአየሁ።

ዞረ። ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ። «በደንብ አድርጌ ነው የሠራሁት» አለ። «ቶሎ አያልቅም።»

«እስኪ ማን ለብሶት አየውና?»

ሁለቱም ሳቁ። ነፃነት አልሳቀችም፤ ጨርቁን በአራት አጥፋ ከምሳው ዕቃ ጋር ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው። ገንዘቡን በጭምዴሳ ስም ከፍለው መውጫው ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ዘንቢሉን ከፍታችሁ አሳዩ አለ። ጥሩአየሁ ሳትጠየቅ እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ለፍተሻ ቆመች። ዘበኛው ወጣት ነው፤ ምን እንደምትሠራ አልገባውም። «እርስዎን አይደለም፣ እማማ፤ ይለፉ» አላት።

ወደ መቱ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አቢጋኤል በዘንቢሉ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ነፃነት ልጅቷን ከዘንቢሉ ላይ አንሥታ ወደ አባቷ ጭን አዞረቻት።

ጨርቁ ጥሩአየሁ ሳጥን ውስጥ የቆየው እስከ ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ የጎረቤቷ የኡርጌ ባል በድንገት ሞተ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሱቆቹ ባዶ ነበሩ። ጥሩአየሁ አውጥታ ሰጠቻት። በመስከረም ነፃነት ብቻዋን ጎሬ ሄዳ ከጭምዴሳ ዘንድ ሁለት መግነዣ በእጇ ቆርጣ ተመለሰች፤ አንዱ ለእናቷ፣ አንዱ ለሚቸግረው ጎረቤት።