ቶኪዮ ለመድረስ ያሰላሁት ሰዓት

ታቦር ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ ልጃቸው ለትምህርት ወደ ቶኪዮ ልትሄድ ስትነሣ ያማከሩት እኔን ነበር። አዲስ ከተማ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ጸሎተኛ እናት ናቸው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከእኔ ሌላ ማን ይጠየቃል?

«መምህር፣ ልጄ ለስንት ሰዓት ነው የምትበረው?» አሉኝ፣ የቲኬቱን ወረቀት እየሰጡኝ።

የመነሻውን ሰዓት፣ ከምሽቱ አራት፣ አየሁና አጥፌ መለስኩላቸው። ቀሪውን ማንበብ ሙያዬን መናቅ መሰለኝ። የማስተምርበትን ሉል አምጥቼ ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ በክር ለካሁ። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለአውሮፕላን ፍጥነት ሳካፍለው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መጣ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ወደ ምሥራቅ ሲበር ከኋላ የሚገፋ ነፋስ እንዳለ በሰፊው አስረድቼ ግማሽ ሰዓት ቀነስኩ።

«በእኛ ሰዓት ነገ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ታርፋለች» አልኩ። «ልክ» ስል ያወጣሁት ድምፅ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እማማ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን መሀል አድርገው ጠበቁ። ሦስት ሰዓት አለፈ።

«ሻንጣዋን እየጠበቀች ይሆናል» አልኩ።

አራት ሰዓት ሲሆን «የፓስፖርት ሰልፉ ረዝሞ ይሆናል» አልኩ። አምስት ሰዓት ሆነ።

«ምናልባት ነፋሱ...» ብዬ ጀመርኩ።

እማማ ብድግ አሉ። «ነፋሱ ምን?»

ከጓደኞቻቸው አንዷ ተንበረከኩ። «ጌታ ሆይ፣ ያንን ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ገሥጽልን!»

ግማሽ ሰዓት ለመቀነስ ብዬ ያመጣሁት ነፋስ ሲገሠጽ መስማት አልቻልኩም። ክፍሌ ገብቼ እንደገና አሰላሁ። ሒሳቡ ልክ ነው። ያን ጊዜ የእውነት ፈራሁ። ሒሳቡ ልክ ከሆነ ልጅቷ የት ናት? ከበሩ ጀርባ የሴቶቹ ጸሎት እየጨመረ ሲሄድ፣ እኔም ከእነሱ ባልተናነሰ እየለመንኩ እንደነበር ያወቅሁት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሮጬ ስወጣ እማማ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው አነሡት።

«እማዬ፣ በሰላም ገባሁ! ምነው ድምፅሽ?»

«የት ቆየሽ ልጄ? በሦስት ሰዓት ትደርሳለች ተብሎ!»

«ማነው ያለው? ኮሪያ ሴኡል ላይ ቆመን ነበር እኮ። ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፣ የመድረሻውም ሰዓት አለ።»

ሦስቱም ሴቶች ዞረው አዩኝ። እኔ ሲሚንቶውን አየሁ።

እማማ ግን አልተቆጡኝም። እስከዚያ ሰዓት ማናችንም እህል አልቀመስንም ነበርና፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ አስመጥተው ጠበሱ። እኔንም አስገድደው አስቀመጡኝ። አንገቴን ደፍቼ አጥንት ስለቅም ጠየቁኝ፤

«መምህር፣ ለመሆኑ አንተ አውሮፕላን ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እማማ።»

ልጃቸው ከተለየቻቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

«እኔም አላውቅም» አሉና ትልቁን ዓሣ ወደ እኔ ገፉት። «በል ብላ።»