ለንብ የተከልኩት ጓሮ

ቆቦ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ቤት ጓሮ አመድና የቆርቆሮ ቁራጭ የሞላበት ባዶ መሬት ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ንብ ከአበባ አበባ ስትዞር ፍሬ እንዴት እንደሚያዝ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። እዚያ ጓሮ ግን አንዲት ንብ እንኳ አትገባም ነበር፤ ይህ አበሸቀኝ። እውነቱን ልናገርና ለንብ አዝኜ አልነበረም። ሰው መጥቶ "ይሄን ማን ሠራው?" እንዲል ፈልጌ ነው።

የችግኝ ጣቢያ ጌጥ አበባ አላስገባሁም። ጥግ ላይ የነበረችውን፣ ገና አብባ የማታውቅ የቁርቁራ ዛፍ ተውኳት፤ ሙቀቱን ትችላለች፣ ስታብብም ንብ ይወርራታል። ከአጥሩ ሥር እሬት ደረደርኩ፤ በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ ያብባል። መሀሉን በሶብላ፣ ሱፍና አደይ አበባ ዘራሁበት። ያለ አበባ የሚያልፍ ወር እንዳይኖር በደብተር ነድፌ ነው የተከልኩት። ሰፊ ሳህን ላይ ውሃ አስቀምጬ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጠጠር ጨመርኩበት። ሰፈሩ ሳቀብኝ። መምህሩ ዝንብ ያረባል አሉ።

ያልሳቁት አጥር የሚጋሩኝ አሮጊት ብቻ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሄደው ቀርተዋል። ከጣራቸው ክፈፍ ሥር ሁለት ቀፎ ነበራቸው። ከጨው እስከ ዓይን መድኃኒት የሚገዙት ከዚያ ማር ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሳህን ማር ይዘው መጡ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ንቦቼ ሩቅ መሄድ ትተዋል" አሉኝ። "ውለው የሚገቡት ካንተ ጓሮ ነው።"

ማሩን በላሁ። ከማሩ ይልቅ ሙገሳው ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ከወረዳ የሚመጡ እንግዶች ጓሮዬን እንደሚጎበኙ ነገረኝ። ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ምሽት ሳየው ሱፉን ክሽክሽ የሚሉት ቅጠል መጣጭ ተባይ ወርሮታል፤ ቅጠሉ ተጨማዷል። ሮጬ ለቲማቲም የሚረጨውን መድኃኒት ገዛሁ። ስመለስ ንቦቹ ገብተዋል፤ መርጨት የሚገባኝም በዚያ ሰዓት ነበር። ይህን ተማሪዎቼን ፈትኜበታለሁ። ግን ኳስ ነበረ። ኳሴን ሄጄ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አበባው ሁሉ ንብ ለብሶ ሳለ፣ በእጅ መርጫ ረጨሁት። አንዳንዶቹ እዚያው ወድቀው በጀርባቸው ተሽከረከሩ። ጠርጌ ቀበርኳቸው። ሌሎቹ መርዙን ይዘው ወደ ቀፏቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ። ክሽክሽ የሚባል አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን የአሮጊቷ አንዱ ቀፎ ዝም አለ። ከሥሩ የረገፈው ንብ በእፍኝ የሚታፈስ ነበር። ሁለተኛው ቀፎ ሳስቶም ቢሆን ተረፈ። እሳቸው መሬት ተቀምጠው የሞቱትን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ ለቀሙ። እኔም ከአጥሩ ማዶ ቆሜ "ማን ይሆን ይህን ያደረገ?" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ግራር ሥር ይቀመጣል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየተራ እየተነሳ ይምላል። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። "እጄ የለበትም። ብዋሽ የዘራሁት አይብቀል" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አስተማሪ አይደለሁ?

ከእኔ ቀጥሎ መርጫ አዝሎ የሰው ቲማቲምና ሽንኩርት በመርጨት የሚተዳደር ጎረቤታችን ተነሳ። ሚስቱ አራስ ናት።

"ወላሂ፣ እኔ ሆን ብዬ የእማማን ንብ አልነካሁም" አለ። "ግን ሰሞኑን የሰው ቲማቲም ስረጭ ነበር። ንብ የት እንደምትውል አላውቅም። ያላወቅሁትን አልምልም።"

ከጉባኤው ውስጥ እሱ ብቻ ነበር መሐላን ከልቡ የፈራ። ሁሉም እንደ ኑዛዜ ወሰደበት። አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅ ማንም እንዳያሠራው፣ እሳት እንኳ እንዳይሰጠው ተወሰነ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የተማረ ሰው አንድ ነገር ይልልኛል ብሎ ይመስለኛል። እኔ ግን ተናደድኩበት። እንደ ሰው ምሎ መቀመጥ ምን ነበረበት? በወሩ ሚስቱንና ጨቅላውን በባጃጅ ጭኖ ወደ ሮቢት ሄደ። ሲጭን በመስኮት አየሁት፤ አልወጣሁም።

እሱ ከመሄዱ በፊት፣ ከአውጫጭኙ በሦስተኛው ቀን ግን፣ አሮጊቷ በሬን አንኳኩ።

"መምህር ልጄ፣ እኔ ቤት ፈራሁ" አሉ። "ያቺን የተረፈችኝን ካንተ ጓሮ አስቀምጥልኝ። እሷም ካለቀች እኔም አለቅሁ። በዚህ ሰፈር ለንብ የሚያዝን ካንተ በቀር ማን አለኝ?"

መርዙ ከቅጠሉ እንዳልለቀቀ አውቃለሁ። ጠዋት ከሱፉ ሥር የሞቱ ንቦች ጠርጌ ነበር። "አይሆንም እማማ፣ እዚህ ያልቃሉ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ለምን እንደሚያልቁ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።

ሲመሽ፣ ንቦቹ ሲገቡ፣ አፉን በጨርቅ ደፍኜ ቀፎውን በትከሻዬ ተሸክሜ አመጣሁት። እሳቸው ከኋላዬ እየመረቁኝ ይከተሉኛል። አበባው መሀል ስደርስ ዞር አልኩ።

"አፉ ወዴት ይዙር እማማ?" አልኳቸው።