የሁዳዴው አውሮፕላን

አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ የሚኖር ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል? እኔ በሁዳዴ እህል የምቀምሰው የዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ሲያርፍ ነበር። ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ፣ ዶሮዎቹን በትኖ ሲወርድ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ። ደብሩ ደወል አለው፤ የእኔ ሆድ ግን የሚታዘዘው ለሞተር ነው።

አንድ አርብ ብጠብቅ ብጠብቅ ጭጭ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ ባለቤቴ ሽሮውን ደጋግማ አሞቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው አትበላም? ልትመንን ነው?»

«አውሮፕላኑ መች አረፈና!»

«ኧረ ቆሞልሃል! ልብስ ሳሰጣ አይቼዋለሁ።»

ክው አልኩ። አርፏል፤ እኔ አልሰማሁም። ደነቆርኩ ማለት ነው! የሚስቴን ድምፅ መስማቴ ማስረጃ አይሆንም፤ እሷን የሞተም ይሰማታል።

ጭንቄ የእሁዱ ነገር ነው። ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ እንፍራንዝ ልንሄድ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ተናጋሪው እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት ደግሞ ከጺሙ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነው። «አልሰጥም» ሲለኝ «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ብመርቅስ? ምስኪኑ ልጅ በእኔ ጆሮ ሳያገባ ሊቀር!

በዚህ መሃል ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ገባች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ጠጋኝ ናት።

«በምን መጣሽ?»

«በዘጠኝ ሰዓቱ ነዋ! ከተማ ዞር ዞር ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ልጄ፣ አባትሽ ደንቁሯል» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አባዬ፣ የዛሬው አዲሱ ነው እኮ! ሞተሩ ፊት ላይ ያለው ማራገቢያ ትልቅ ነው። ብዙውን ንፋስ እሳቱ ውስጥ ሳያስገባ በዳር ያሳልፈዋል፤ ያ ቀዝቃዛ ንፋስ ትኩሱን እንደ ጋቢ ከቦት ይወጣል። የኋላ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ሁለቱን በቀስታ ያደባልቃቸዋል። የድሮው ግን ትኩሱን ባንዴ ይተፋው ስለነበር ነው የሚያጓራው። ይሄም ይሰማል፤ አንተ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ስትጠብቅ ነው።»

«ቆይ... አንድ እሽሽ የሚል ነገርማ ሰምቻለሁ። የጎረቤቱ ባጃጅ መስሎኝ ባለቤቱን ረገምኩት!»

«እሱ ነዋ!»

አላመንኳትም። ከቤቱ ጀርባ ሄዳ እንድታንሾካሹክ ላክኋት።

«አባዬ ሆዳም ነው።»

«ሰምቻለሁ!» ብዬ ዘለልኩ። ሁዳዴ መሆኑ ጠፍቶኝ ትከሻዬን ሰበቅሁ፤ ዶሮዎቹ አውሮፕላኑ የመጣ መስሏቸው ተበተኑ። ሚስቴ «ወይ ጉዴ! ሽሮው ነው ያሰከረው?» አለች። ገና መች ቀመስኩትና!

እሁድ እንፍራንዝ፣ የልጅቷ አባት ጺሙን እያሻሸ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዳቸውም አልሰሙም።

«ከእናቷ እመክራለሁ ነው የሚሉት» አልኩ እየተንጠራራሁ። «ታዲያ መቼ እንመለስ?»

ሰውዬው ደንግጦ ቀና አለ። ከዚያ ይባስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፋሲካ ማግስት፤ ድግሱን እያሰባችሁ» አለ።

ይህንን ከእኔና ከጺሙ በቀር የሰማ የለም።